«ኮዱን አይተነዋል» አሉን፤ ምኑን?

ባለፈው ሳምንት ጅማ ላይ በተደረገ ውይይት፣ የቡና ደረጃ በካሜራና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይውጣ የሚሉ አንድ ባለሙያ ስለ ስህተት ሲጠየቁ፣ «ኮምፒዩተር ያዘዝነውን እንጂ ሌላ አይሠራም፤ ኮዱንም መስመር በመስመር አይተነዋል» ብለው ጥያቄውን ዘጉት። አዳራሹም አጨበጨበ።

ያዘዝነውን ብቻ መሥራቱ እውነት ነው። ግን ትእዛዙን ማወቅና ከትእዛዙ የሚወጣውን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

ለማረጋገጥ ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ ከመርካቶ አንድ ባለካሬ የሒሳብ ደብተር ይግዙ። ከላይኛው ረድፍ መሃል አንዷን ካሬ ያጥቁሩ፤ ሌላው ሁሉ ነጭ ነው። የሚቀጥለውን ረድፍ ሲሞሉ ለእያንዳንዷ ካሬ ከላይ ያሉትን ሦስት ይዩ፦ የግራዋን፣ የመሃሏን፣ የቀኟን። መሃሏና ቀኟ ሁለቱም ነጭ ከሆኑ የግራዋን ቀለም ይቅዱ፤ ካልሆኑ ተቃራኒዋን። አለቀ። የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ስቲቨን ዎልፍራም «ሕግ 30» ያሉት ይኸው ነው። በስምንት ረድፍ የጥቁሮቹ ብዛት 1፣ 3፣ 3፣ 6፣ 4፣ 9፣ 5፣ 12 መሆን አለበት። ካልሆነልዎ ወይ ከላይኛው ረድፍ ፈንታ አሁን የሚሞሉትን እያዩ ነው፣ ወይ ወረቀቱ ጠቧል፤ ለ20 ረድፍ 39 ካሬ ወርድ ይፈልጋል።

በግራ በኩል ደንበኛ ሰያፍ መስመሮች ይወጣሉ። የመሃሉን አምድ ግን ወደ ታች ያንብቡት፦ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ነጭ... እስከዛሬ ዙር የሚባል ነገር አልተገኘበትም። ማቲማቲካ የተባለው ሶፍትዌር የዘፈቀደ ቁጥር ያመነጨበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዎልፍራም በዚሁ አምድ ላይ ለሦስት ጥያቄዎች 30,000 ዶላር ሽልማት አቅርበዋል፤ አንዱ በአቋራጭ ማስላት ይቻል እንደሆነ ነው። ሚሊዮንኛዋን ካሬ የፈለገ፣ እስከዛሬ በሚታወቀው፣ ከላይ ጀምሮ መሙላት አለበት።

ቀላል ሕግ ሁሉ ያምሳል አልልም። «ግራና ቀኝ ከተለያዩ ጥቁር፣ ከተመሳሰሉ ነጭ» ቢሉት ሕግ 90 ይሆናል፤ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ውስጥ እየሠራ ይወርዳል፣ ሩቋን ካሬም የረድፏንና የአምዷን ቁጥር ወደ ሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ ወደሚጻፍ ቁጥር) ቀይሮ በቅጽበት ማወቅ ይቻላል። እንዲያውም ከ30 ያጠረ ነው። እስቲ ሁለቱን አንብቦ ብቻ፣ አንዲት ካሬ ሳይሞላ፣ የትኛው እንደሚያምስ የሚነግረን ይምጣ! አንድ መስመር ሕግ እንዲህ ካደረገ «መስመር በመስመር አይተነዋል» የሚለው ማረጋገጫ ሳይሆን ማባበያ ነው።

የቡናው ሞዴል፣ ማለትም ፎቶ አይቶ ደረጃ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ፍርዱ ያለው በኮዱ ውስጥ አይደለም፤ በሥልጠና ጊዜ በተስተካከሉ እልፍ አእላፍ ቁጥሮች ውስጥ ነው። እነዚያን ማንም ቁጭ ብሎ አልጻፋቸውም። ታዲያ ምኑን ነው ያነበቡት? የታጠበው ቡና ሁልጊዜ በፀሐይ ብርሃን፣ ያልታጠበው በመጋዘን አምፖል ሥር ፎቶ ተነሥቶ ከሆነ፣ ሞዴሉ ፍሬውን ትቶ መብራቱን ሊማር ይችላል። ያኔ የገበሬው ቡና ደረጃው የሚወርደው አምፖል ሥር ፎቶ ስለተነሣ ነው። ኮዱ ላይ ይህ አይታይም።

የሚታየው ሲሞከር ነው። ከአንድ ጆንያ አንድ ሰሃን ናሙና ውሰዱ፣ መጀመሪያ ደጅ ቀጥሎ አምፖል ሥር አንሱት፣ ፍሬውን አማስላችሁ ድገሙት፤ ቀማሾቹም የማሽኑን ውጤት ሳያዩ ይፍረዱ። የአንዱ ሰሃን ደረጃ በመብራት ከተለወጠ ማሽኑ ወደ መጣበት ይመለስ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ጭብጨባው እስከዚያ ቢቆይ ምን ነበረበት?