ማስተካከያ፦ ሰርቮን ከባለ ሁለት ሴል ባትሪ ጋር በቀጥታ ስለማገናኘት

በሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች ዘንድ በሰፊው የተጋራ አንድ ጽሑፍ፣ ማንኛውም ሰርቮ (የአውሮፕላኑን መቆጣጠሪያ ክፍሎች የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር ያለው መሣሪያ) ከባለ ሁለት ሴል የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ በቀጥታ ኃይል ቢያገኝ ጉልበቱ ከመጨመር በቀር ጉዳት እንደማይደርስበት ይገልጻል። ይህ ትክክል አይደለም።

በአምራቾች የቴክኒክ መግለጫ መሠረት፣ ብዙዎቹ መደበኛ ሰርቮዎች የተሠሩት ከ4.8 እስከ 6.0 ቮልት ለሆነ ኃይል ሲሆን፣ ባለ ሁለት ሴሉ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል። ቮልቴጅ ሲጨምር ጉልበት መጨመሩ እውነት ነው፤ ለምሳሌ ፉታባ ኤስ3003 የተባለው ሰርቮ በ4.8 ቮልት 3.2፣ በ6.0 ቮልት ደግሞ 4.1 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር ያህል ይሰጣል። ከተፈቀደው ወሰን በላይ ግን ሞተሩም ሆነ የውስጥ ሰርኪዩቱ ሊቃጠል ይችላል። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረው ሰርቮ በበረራ መካከል ቢቆም አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ወጥቶ ሰው ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ጉዳዩ ከንብረት ኪሳራ የከፋ ነው።

ሪሲቨሩ፣ ማለትም የሬዲዮ ትእዛዝ ተቀብሎ ለሰርቮዎቹ የሚያደርሰው መሣሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪውን ቮልቴጅ ሳይቀንስ ወደ ሁሉም ሰርቮዎች ስለሚያስተላልፍ፣ በቀጥታ ማገናኘት የሚቻለው ሪሲቨሩም ሆነ እያንዳንዱ ሰርቮ 8.4 ቮልት እንደሚችል በመግለጫው ሲጻፍ ብቻ ነው። አንዱ እንኳ የማይችል ከሆነ በባትሪውና በሪሲቨሩ መካከል ቮልቴጁን ወደ 5 ወይም 6 ቮልት የሚያወርድ መቆጣጠሪያ ይገባል፤ መቆጣጠሪያውም ሰርቮዎቹ በአንድነት ሲሠሩ የሚስቡትን አምፔር የሚችል መሆን አለበት። በቀድሞው ጽሑፍ መሠረት ያገናኙ ሁሉ ከሚቀጥለው በረራ በፊት ባትሪውን ነቅለው የሰርቮዎቻቸውን መግለጫ እንዲያረጋግጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።