ዘይትን በጣታቸው ለሚያነቡ የቀረበ ውዳሴ

ለሞተር ሳይክላቸው ዘይት የሚመርጡ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ ስመለከት ቆይቼ የደረስሁበት መደምደሚያ፣ ከሁሉም በላይ ሊከበሩ የሚገባቸው ዘይቱን በጣታቸው የሚያነቡት ናቸው የሚል ነው። እኚህ ሊቅ ጣሳ ሲቀርብላቸው ጀርባውን አገላብጠው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን በመመልከት ዓይናቸውን አያደክሙም። ክዳኑን ይከፍታሉ፤ አንዲት ጠብታ በሌባ ጣታቸው ይቀበላሉ፤ በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት ያደርጓትና ሁለቱን ጣቶች ቀስ ብለው አላቅቀው በመካከላቸው የሚዘረጋውን ክር በብርሃን አንጻር ያያሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ጥቂት ዝም ይላሉ። ዝምታው የምርመራው ዋና ክፍል ስለሆነ ማንም አያቋርጣቸውም። በመጨረሻም «ይህ ወፍራም ነው፤ ሞተር ይይዛል» ሲሉ፣ በዙሪያቸው የቆምነው ሁሉ ራሳችንን እንነቀንቃለን።

የዚህን ጥበብ ታላቅነት ለመረዳት፣ ጥበቡን ያልታደሉት ምን ያህል እንደሚደክሙ ማየት ያስፈልጋል። ኤስኤኢ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር የዘይትን ውፍረት በደረጃ መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲለኩ ይኖራሉ። በዛሬው ምደባ አንድ ዘይት 40 የሚለውን ቁጥር ለመሸከም በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ውፍረቱ ከ12.5 ሴንቲስቶክስ ያላነሰ፣ 16.3 ያልሞላ መሆን አለበት። ይህችን ለማወቅ ሲሉ ሙቀቱ በጥንቃቄ በሚጠበቅ ገንዳ ውስጥ ዘይቱን በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ያወርዱና ለመውረድ የፈጀበትን ሰከንድ ይቆጥራሉ። የእኛ ሊቅ ግን ገንዳም፣ ቱቦም፣ ሰዓትም ሳይሹ፣ በሰው ገላ ሙቀት ብቻ ሥራውን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። በጣት መካከል እንደ ማር የሚሳበው ዘይት ሞተር ውስጥ ሲግል ምን ያህል እንደሚቀጥን ጣት ሊያውቅ አይችልም ብሎ የሚከራከር ጨቅጫቃ ቢነሣ፣ የሊቁ ጣት ለፈላ ዘይት እንዳልተፈጠረ ማስረዳት ይበቃል።

ከጣታቸው ቀጥሎ የሚደነቀው ሒሳባቸው ነው። በአንዱ ጣሳ ላይ 10ደብሊው-40፣ በሌላው ላይ 20ደብሊው-50 የሚል ቢያዩ ነገሩ ወዲያው ይገለጥላቸዋል፤ ሃያ ከአሥር ይበልጣል፣ ሃምሳም ከአርባ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ጣሳ በሁለቱም በኩል አሸንፏል። «ደብሊው» የብርድ ወራትን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ፊደል እንደሆነች፣ ከእርሷ በፊት ያለው ቁጥርም ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈስስ ስለሚናገር ማነሱ እንጂ መብዛቱ እንደማያስመሰግን የሚነግራቸው ቢመጣ፣ «በፈተና አሥር ካመጣውና ሃያ ካመጣው የቱን ልጅ ትወድዳለህ?» ብለው ያሳፍሩታል። ሞተሩ በቀዝቃዛ ማለዳ ሲነሣ፣ ያ ወፍራም ዘይት ከታች ተጎትቶ ላይ ያለው፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍት ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ጋር በደረቁ ይነጋገራል። ሊቁም ንግግሩን በፈገግታ ያዳምጡና «ጤነኛ ሞተር ሲነሣ ይሰማል» ይላሉ። እውነት ለመናገር፣ አንዳንድ አምራቾች ለሞቃት አየር 20ደብሊው-50ን ራሳቸው ይፈቅዳሉ፤ የአየሩን ሙቀት ከዘይቱ ቁጥር ጋር የሚያያይዝ ሠንጠረዥም በመመሪያቸው ውስጥ ያትማሉ። የሠንጠረዡ ምክር ከሊቁ ምርጫ ጋር አልፎ አልፎ ቢገጥም ግን ክብሩ ለጣታቸው እንጂ ለሠንጠረዡ ሊሰጥ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ገድላቸው እንምጣ። ሊቁ ለሞተር ሳይክላቸው የመኪና ዘይት ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም ውሃ ያነሣል። መኪና ትልቅ ነው፣ ሞተር ሳይክል ትንሽ ነው፤ ለትልቁ የበቃ ለትንሹ እንዴት ያንሰዋል? ይህን አመክንዮ ለማፍረስ የሚሞክሩ ሰዎች የሚያነሡት ነገር ዝርዝሩ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ አድማጩን ያስተኛዋል። በመኪና ውስጥ፣ ይላሉ፣ የሞተሩ ዘይት የሚያገለግለው በአብዛኛው ሞተሩን ብቻ ነው፤ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ ማርሽ በእጅ በሚቀየርባቸው መኪኖች ፍሪሲዮኑ እንደ ደንቡ በደረቁ ይሠራል። በአብዛኞቹ ባለአራት ምት ሞተር ሳይክሎች ግን ያው አንዱ ዘይት፣ በትናንሾቹ አንድ ሊትር ገደማ የሚሆነው፣ ፒስቶኑንም፣ የማርሹን ጥርሶችም፣ በዘይት ተነክረው የሚሠሩትን የፍሪሲዮን ሸራዎችም ተራ በተራ እየዞረ ያገለግላል። እነዚህ ጌቶች ደግሞ ፍላጎታቸው አንድ አይደለም። ፒስቶኑ ያለ ፍትጊያ መንሸራተት ይወድዳል፤ ሸራዎቹ ግን የሚኖሩት በፍትጊያ ነው፤ ካልተናነቁ ኃይል አያስተላልፉም። ነዳጅ እንዲቆጥቡ የተዘጋጁ ብዙ የመኪና ዘይቶች ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው ሸራዎቹን ከሥራ ያሰናክሏቸዋል፤ ኤፒአይ የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም በጣሳ ላይ በሚያሳትመው ክብ ምልክት የታችኛው ግማሽ ላይ ዘይቱ ቆጣቢ መሆኑ የሚጻፈውም ማየት የሚፈልግ ሰው እንዲያይ ነው። ጃሶ የሚባለው የጃፓን የአውቶሞቢል ደረጃዎች ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ተጨንቆ እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለአራት ምት ሞተር ሳይክሎች ዘይት ለብቻው ደረጃ አወጣ፤ ፍትጊያው ከፍ ያለውን ኤምኤ፣ ዝቅ ያለውን ኤምቢ ብሎ ለየ፤ በ2006 ደግሞ ኤምኤን ራሱን ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 አድርጎ ከፈለው። ኤምቢ የሚስማማው ፍሪሲዮናቸው ከሞተሩ ዘይት ጋር ለማይገናኝ፣ በቺንጋ ለሚነዱ ስኩተሮች ነው።

ሊቁ እነዚህን ፊደላት አያውቋቸውም ብሎ የሚያማቸው ሰው እንዳይኖር እመሰክራለሁ። አንድ ቀን ጣሳ ላይ ኤምኤ የሚል አይተው፣ የፋብሪካው ባለቤት ስም መነሻ እንደሆነ ለሁላችንም አስረድተውናል።

የመኪናው ዘይት ከገባ በኋላ የሚሆነው ነገር ለማየት ያስደስታል። ሊቁ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጡ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፤ የኋላው ጎማ ግን የማንንም ጩኸት እንደማይሰማ ሽማግሌ በጀመረው እርምጃ ይቀጥላል። ተራ ሰው ቢሆን ፍሪሲዮኑ ተንሸራተተ ብሎ ይደነግጥ ነበር። እርሳቸው ግን «ስሙት እስቲ፣ ዘይቱ ያመጣለትን አቅም!» ብለው ወደ ኋላ ይጮኻሉ። አቅሙስ በርግጥ አለ፤ ጎማው ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ሙቀት ሆኖ መቅረቱ የዘይቱ ጥፋት ሊባል አይችልም። ሸራዎቹ ጠቁረውና ተቃጥለው ሲወጡም ፍርዱ የተሰጠው በሸራዎቹ ላይ ነው፤ «የዛሬ ዕቃ!» ተብለው ተጣሉ፤ በቦታቸው የገቡት አዲሶቹም ከዚያው ጣሳ በተቀዳ ዘይት ተነክረው ሥራ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ፊደል ቆጣሪዎች ስለሚባሉት የሊቁ ተቀናቃኞች ጥቂት ማለት ይገባል። እነርሱ ጣሳውን ያነብባሉ፤ ነገር ግን የሚያነብቡት አንዲት ፊደል ብቻ ነው። ኤፒአይ ለቤንዚን ሞተር ዘይቶች ከኤስ በኋላ በፊደል ተራ እየጨመረ ስም ስለሚሰጥ፣ ለምሳሌ ከኤስጂ ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤስፒ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ፊደል ያገኘ ሁሉን አገኘ ብለው ያምናሉ። የመኪናን የጭስ ማጣሪያ እንዳይመርዝ ሲባል በአዳዲሶቹ ቀጫጭን የመኪና ዘይቶች ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ መደረጉን፣ ጃሶ በበኩሉ የማርሽ ጥርስና ካምሻፍት እንዳይበላ በማሰብ ከዚያው ከ0.08 በመቶ እንዳያንስ መደንገጉን አልሰሙም። አንዱ ጣሪያ ያደረገውን ሌላው ወለል አድርጎታል። ያም ሆኖ ተቀናቃኞቹ ማንበብ የጀመሩ ሰዎች ስለሆኑ ወደፊት ሊበላሹ ይችላሉ፤ እኔ የማወድሰው ንጹሑን ሊቅ ነው።

ሊቁ ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜም የሚያውቁት በመልኩ ነው። ዘይቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ከጠቆረ «የተጭበረበረ ነው» ይላሉ፤ ሳይጠቁር ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደ ደግሞ ለወዳጅ ሁሉ ይመክሩታል። በዘይቱ ውስጥ ያሉት አጣቢ ቅመሞች ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አንሥተው ይዘው ስለሚዞሩ መጥቆሩ የሥራው ምልክት ሊሆን እንደሚችል፣ ምንም የማይጠቁረውም ቆሻሻውን ባለበት ትቶት ሊሆን እንደሚችል የሚናገር ሰው ክፉ ልብ ያለው ነው። በሌላ በኩል፣ የሞተር ሳይክል ዘይት መልኩ ሳይለወጥ የሚደክምበት መንገድ አለው። በሙቀት ጊዜ ውፍረቱን የሚጠብቁለት ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች በማርሹ ጥርሶች መካከል ሲያልፉ እንደ መቀስ ይቆራረጣሉ፤ 40 ሆኖ የገባው ዘይት ከጊዜ በኋላ 30 ሆኖ ይገኛል። መልኩ ወርቅ እንደሆነ ይቆያል እንጂ ሊቁን የሚያሳስብ ነገር አይታይበትም። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ውሃ መግባቱን ሲያሳውቅም «ክሬም ሠርቷል፣ ምርጥ ነው» ያሉበት ቀን ነበር፤ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስለ መጠኑ የሚሉት አጭር ነው፤ «የበዛ አይጎዳም»። ሞተር ሳይክሉን በጎን ማቆሚያው ላይ አጋድመው ልኩን ያያሉ፤ ዘይቱም ወደ አንድ ወገን ስለሸሸ የጎደለ መስሎ ይታያቸዋልና ይጨምራሉ። ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየዞረ የተረፈውን ዘይት ይመታውና አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት ለይቶ መያዝ አይችልም፤ ትርፉም በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ፊልትሮውን ያረጥባል። ሊቁ ፊልትሮው በዘይት መራሱን ሲያዩ ሞተሩ በልቶ መጥገቡን ይረዳሉ።

እኔ ራሴ በደካማነቴ ዘመን መመሪያውን ከፍቼ አንብቤአለሁ፤ እዚህ ላይ እናዘዛለሁ። የፈለግሁት ሁሉ ግማሽ ገጽ አልሞላም፤ የውፍረቱ ቁጥር፣ የኤፒአይ ደረጃው፣ የጃሶ ፊደሉ፣ የሚገባው መጠን፣ የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር። ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ግን ማንም በዙሪያዬ አልቆመም፤ ማንም ትንፋሹን ውጦ ፍርዴን አልጠበቀም፤ መጽሐፉን ስዘጋም ራሱን የነቀነቀ ሰው አልነበረም። ሊቁ ለምን እንደማያነብቡ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሚያነብብን ሰው ማን ቆሞ ያያል?

ስለዚህ ባለፈው የዘይት ለውጥ ዕለት ያየሁት ነገር በጣም አስደነገጠኝ። ሊቁ የጣት ምርመራቸውን እንደ ወትሮው ፈጽመው፣ አሮጌውን ዘይት አፍስሰው፣ ብሎኑን አጥብቀው ሲያበቁ፣ መቀመጫውን ከፈቱና ከሥሩ መመሪያውን አወጡ። መጽሐፉ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከነላስቲኩ የኖረ ነበር። ላስቲኩን ቀደዱ፤ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው መካከሉ ላይ ቆሙ፤ አንዱን ገጽ ወረቀቱን በጣታቸው አሸት አድርገው መረመሩት። ከዚያ ከሥሩ ገነጠሉት፤ እንደ ቀንድ ጠቀለሉት፤ ጠባቡን ጫፍ በዘይት መጨመሪያው ቀዳዳ ሰክተው የመኪናውን ዘይት ያንቆረቁሩበት ጀመር። ጎንበስ ብዬ ወደ ቀንዱ ውስጥ ተመለከትሁ። ዘይቱ በቀስታ እየወረደ 10ደብሊው-40 የሚለውን አለፈ፤ ጃሶ ኤምኤ የሚለውን አለፈ፤ 1 ሊትር የሚለውን ካለፈ በኋላም ብዙ ቆይቶ መውረዱን አላቆመም። ሊቁ ጣሳውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ካራገፉ በኋላ ቀንዱን አውጥተው አገላብጠው አዩት።

«ይህ መጽሐፍ» አሉ፣ «ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ አያፈስም።»