ዓይን ያወጣ መብራት

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እየነዳሁ ሳለ፣ ከኋላዬ የመጣ መኪና የአሮጌዋን ኮሮላዬን ሆድ ዕቃ ወለል አድርጎ አበራው። ሁለት ዓመት የፈለግኩትን እስክሪብቶ ፔዳሉ አጠገብ ተጋድሞ አየሁት። እግዜር ይስጥልኝ ልል ወደ ስፖኪዮው ቀና ብል መኪናም ሹፌርም የለም፤ ጠራራ ፀሐይ ብቻ ነው። ዓይን ያወጣ ውሸት፣ ዓይን ያወጣ ሌብነት ስንል ኖረናል። ለካ ቃሉ በምሳሌነት ሲያገለግል የቆየው ትክክለኛው ባለቤቱ እስኪመጣ ነው።

ከተማው ጨለማ በነበረበት ዘመን ቢሆን ሰውየውን እረዳው ነበር። ያኔ የመንገዱ መብራት ከሦስቱ አንዱ ቢበራ ነው፤ ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ ደግሞ አስፋልቱ መሃል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ኃይለኛ መብራት መመኘት የጤነኛ ሰው ምኞት ነበር። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ግን ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ምሰሶው ያበራል፣ ሕንጻው ያበራል፣ ዛፉ ሳይቀር ያበራል። በዚህ ሁሉ ብርሃን ላይ ፀሐይ ጭኖ የሚመጣ ሰው «መንገዱን ላይበት ነው» ቢለኝ አላምነውም። እሱ የሚፈልገው መታየት ነው። በጥንቱ ጊዜ መኳንንቱ በበቅሎ ሲያልፉ አሽከር ከፊት ከፊት እየሮጠ «ዞር በል!» ይል ነበር። አሽከሩ ቀረና አምፖል ተተካ።

በዚህ መሃል የመብራት ቋንቋችን ጠፋ። ብልጭ ማድረግ በእኛ ከተማ እንደ አማርኛችን ሰምና ወርቅ ነበረው። «እለፍ» ማለት ነው፤ «እንዳትሞክራት፣ የማልፈው እኔ ነኝ» ማለትም ነው፤ «ከፊት ትራፊክ ቆሟል፣ ቀበቶህን እሰር» ማለትም ነው። የትኛው እንደሆነ ከሁኔታው ይገባን ነበር። አሁን አንዱን «ረጅሙን መብራት አውርድልኝ» ለማለት ብልጭ ባደርግለት፣ መልሶ ብልጭ አደረገብኝ። የመጀመሪያው አጭሩ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሽከርካሪዎቹ ጥፋቱን ወደ እኛ ዓይን ያዞራሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖቻችን የሚጠቀሙት ኤች ፎር የሚባለውን ሃሎጅን አምፖል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚያገለግል ሽማግሌ። ሆዱ ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ 55 ዋቱ ለአጭር፣ 60 ዋቱ ለረጅም። ከአጭሩ ክር ሥር ጥፍር የምታህል የብረት ጽዋ ተቀምጣለች። ሥራዋ አንድ ነው፦ ከኋላ ወዳለው የሚያብረቀርቅ ሳህን ታችኛው ክፍል ወርዶ ከዚያ ወደ ሰው ዓይን ሊነጥር የሚያስበውን ብርሃን «ወዴት?» ብሎ ማስቀረት። ሳህኑም የተቀረጸው የክሩ ቦታ በሚሊሜትር ተለክቶ ነው። ያንን አውጥተው ብርሃኑ ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ቅርጽ የሚወጣ ኤልኢዲ ሲሰኩበት ሳህኑ ምን ያድርግ? ያገኘውን ይበትናል፤ ለፎቅ፣ ለዛፍ፣ ለእኔ። በዚህ ላይ ባለመብራቱ ራሱ አለመጠቀሙ ነው የሚያናድደው። አፍንጫው ሥር ያለው አስፋልት ሲነጣበት የዓይኑ ብሌን ይጠብና ሩቁ ይጨልምበታል። እኔ ደግሞ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስነዳ በሰከንድ ወደ 14 ሜትር እሄዳለሁ፤ ዓይኔ እስኪመለስ ሦስት ሰከንድ ከፈጀ፣ 40 ሜትር ያህል በጸሎት ተጓዝኩ ማለት ነው።

አንዱ አምፖሌ የተቃጠለ ጊዜ ሶማሌ ተራ ሄጄ ነበር። «ኤች ፎር ስጠኝ፣ ተራውን» ስለው ባለሱቁ ልጅ የምርመራ ውጤት ሊነግረኝ እንደተዘጋጀ ሐኪም አዝኖ አየኝ።

«ጋሼ፣ ተራውን እስከ መቼ?»

ከባንኮኒው ሥር የመኪና ባትሪ ጎትቶ አወጣ፤ ሁለት ሽቦ አገናኘና አምፖሉን ፊቴ ላይ ደቀነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው።

«አዩት?»

«ምንም አይታየኝም።»

«ጥራቱ ይኸው ነው!»

ዓይኔ ሲመለስልኝ ካርቶኑን ተቀበልኩ። 20,000 ሉመን ይላል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። የደንቡ ኤች ፎር በአጭሩ 1,000 ገደማ ነው፤ በአውሮፓ ደግሞ ከ2,000 በላይ ከሆነ ከፍታውን ራሱ የሚያስተካክልና መስታወቱን የሚያጥብ መሣሪያ አብሮ ይጠየቃል። ጀርመኖች በሃሎጅን ቤት የሚገባ ኤልኢዲ መንገድ ላይ እንዲበራ መፍቀድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ እሱም ለተፈተነ አምፖልና በስም ለተዘረዘረ የመኪና ዓይነት ብቻ። ካርቶኑን ገለበጥኩት። ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ በእንግሊዝኛ፣ «ከመንገድ ውጭ ለመጠቀም ብቻ» የሚል ተጽፎበታል።

«ይኼ እኮ መንገድ ላይ አይፈቀድም ይላል።»

«ሰፈርዎ የት ነው ጋሼ?»

«ግንፍሌ፣ ውስጥ ለውስጥ።»

«ታዲያ ያ መንገድ ነው?»

እውነቱን ነው። መልስ ስላጣሁ ተራውን ገዝቼ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ግን ያንኑ ገዝቶ በቪትዙ አስገጠመ። በአንድ ምሽት የሰፈሩ መብራት ሄዶ ሁላችንም ሻማ ለኩሰን ተቀምጠን ሳለ ቪትዟ ከኩርባው ብቅ አለች። ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ! መጣ!» ብለው ጮኹ። የፊት ለፊቷ እትዬ ሻማቸውን እፍ አሉ። እኔ ራሴ፣ ሳልዋሽ ልናገር፣ ስልኬን ይዤ ወደ ሶኬቱ ሮጬያለሁ። ጎረቤቴ ሞተሩን ሲያጠፋ ሰፈሩ ወደ ጨለማው ተመለሰ። ከዚያ የተሰማውን እርግማን እዚህ አልጽፈውም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጥፋል፤ መብራትም ከሚታዩት አንዱ ነው። ጎረቤቴ ለዚህ ቀን የሚሆን ዝግጅት አለው። የድሮዎቹ ሃሎጅኖች በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራሉ። የምርመራው ዋዜማ ማታ ተገጥመው፣ ጠዋት እንደ ጨዋ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬቱን እያዩ ይመረመራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ካልሲያቸው ይመለሳሉ። በዋዜማው ማታ ደግሞ በሬን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ እሳት ማጥፊያዎን ለነገ ብቻ» ይለኛል። እሰጠዋለሁ። ያቺ እሳት ማጥፊያ የስንቱን መኪና ቦሎ አስለጥፋለች፤ እሳት ግን አይታ አታውቅም። ስለዚህ እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም።

ባለፈው ዓርብ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አራት ኪሎ አደባባዩን ሳልደርስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ወጣት ነው፣ ሰላምታውም ደንበኛ።

«አባት፣ መብራት ያብሩ እንጂ።»

«በርቷል እኮ ልጄ።»

ከፊት ዞሮ ጎንበስ አለና እጁን ከመብራቱ ፊት ዘረጋ። መዳፉ ላይ ቢጫ ክብ ሲያርፍበት ፈገግ አለ። «እውነትም በርቷል» አለ፤ የልጅን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው መዳፉን ትንሽ እዚያው አቆየው። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ወደ መስኮቴ እየተመለሰ ሳለ አንድ ፀሐይ ከቀበና በኩል ወጣች። ልጁ የቅጣት ደብተሩን ፊቱ ላይ ጋረደ፤ እኔ በክንዴ ተሸፈንኩ። በጆሮአችን ብቻ እየተከተልን አሳለፍናት።

«ታርጋውን አይተውታል?» አለኝ፣ ዓይኑን እያሸ።

እኔም እያሸሁ ነበር።