መስኮት ዘግቶ መሳደብ

በእግሬ ስሄድ ጨዋ ሰው ነኝ። እግሬን የረገጠኝን ሰው ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። በር ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ከተገጣጠምን «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ስንባባል በሩ ራሱ ይሰለቸናል። እኛኑ ሁለታችንን መኪና ውስጥ አስገብታችሁ ጠባብ መታጠፊያ ላይ አገናኙን፤ ስንዝር የሚለቅ የለም። አንዱ ሌላውን ከሚያሳልፍ ፓራውልቱ ቢረግፍ ይመርጣል። የመኪናው በር ሲዘጋ ትሕትናችን ውጭ የሚቀር ይመስለኛል፤ ስንወርድ ካቆምንበት እናገኘዋለን።

ባለፈው ሰሞን አማቴን ከኋላ አሳፍሬ እነዳለሁ። አማቱን የጫነ ሰው እንዴት እንደሚነዳ የታወቀ ነው፤ እንቁላል እንደጫነ። ፍሬቻ የማበራው ለመታጠፍ ብቻ አይደለም፤ ለመታጠፍ ሳስብም አበራለሁ። እንዲህ ተጠንቅቄ ስሄድ አንድ ነጭ መኪና በቀኝ በኩል መጣና ያለ ፍሬቻ አፍንጫዬ ሥር ገባ። ፍሬን ረገጥኩ። የአማቴ ቦርሳ ከወንበሩ ወርዶ በውስጡ ያለው ሁሉ ተበተነ፤ መነጽር፣ ቁልፍ፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት። በእኔም ውስጥ ያለው ተበተነ።

ስለ ሰውየው ጭንቅላት፣ መንጃ ፈቃዱን ስላገኘበት መንገድ፣ በመጨረሻም ስለ ወላጅ እናቱ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ነበሩ። ሰውየው ሃምሳ ሜትር ያህል ርቆ ምናልባት ከሙዚቃው ጋር እያፏጨ ነበር። ንግግሬን ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው የተከታተሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

«ልጄ» አሉ ከኋላ፣ መድኃኒታቸውን እየለቃቀሙ፣ «ሰውየውን ታውቀዋለህ እንዴ?»

«ኧረ አላውቀውም እማማ።»

«ስለ እናቱ እንዲያ ስታወራ ጎረቤትህ መስሎኝ።»

የመኪና ስድብ ነገረ ሥራው ይኸው ነው። የተሰደበው ሰው በሰላም ይሄዳል፤ ስድቡን ጠጥቶ የሚቀረው አብሮን የተቀመጠው ነው። ሚስት፣ ልጅ፣ አማት፣ አንዳንዴም ምንም የማያውቅ ሊፍት የለመነ የሥራ ባልደረባ። ልጆች የስድብ ሀሁ የሚቆጥሩት ከኋላ ወንበር ላይ ነው ቢባል አልከራከርም።

ጥሩንባ ይህን ጉድለት ሊሞላ የመጣ ይመስላል፤ ስድቡን በመስታወት ያሻግራል። ግን የሚያውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው። «ልጅ አለ፣ ተጠንቀቅ»ም፣ «ወዳጄ፣ እንዴት ነህ»ም፣ «አንተ ድንጋይ»ም በእሱ ቋንቋ ያው «ጲጵ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ጥሩንባን የፈቀደው በጣት ለሚቆጠር ነገር ነው፤ አደጋ ለመከላከል፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ልቀድምህ ነው ብሎ ለማስጠንቀቅ። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ግማሽ ሰከንድ ሞልቶታል የሚል አንቀጽ የለበትም።

በዚያው ዓመት ዱብ እና ግሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከካሊፎርኒያ አንድ የሚያስቅ ጥናት አሳትመዋል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን መኪናቸውን ሳያንቀሳቅሱ ቆመው ከኋላቸው ያለው ሹፌር ጥሩንባ እስኪነፋ ሰዓት ያዙ። አንዳንዴ የሚቆሙት በሚያብረቀርቅ ውድ መኪና፣ አንዳንዴ ደግሞ በዛገ አሮጌ። ከአሮጌው ኋላ ከነበሩት 84 በመቶዎቹ በ12 ሰከንድ ውስጥ ነፉ፤ ከውዱ ኋላ ከነበሩት ግን 50 በመቶዎቹ ብቻ። ከአሮጌው ኋላ የነበሩ ሁለት ሹፌሮችማ ጥሩንባም አላስፈለጋቸው፣ ፓራውልቱን በፓራውልት ገጩት። ንዴት ዓይን የለውም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የመኪና ዋጋ ግን አሳምሮ ያነባል። (የእኔ መኪና ከየትኛው ወገን እንደሆነች ከሚነፋብኝ ብዛት ገምቱ።)

ደግሞ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ስቬንሰን የተባለ ተመራማሪ ባሳተመው ጥናት ከተጠየቁት አሜሪካውያን 93 በመቶዎቹ የመንዳት ችሎታችን ከመካከለኛው ሹፌር ይበልጣል ብለዋል። ስዊድናውያኑ ትንሽ አፍረው 69 በመቶ ላይ ቆመዋል። የቀሩት 7 በመቶዎች ግን እኔ መንገድ የምወጣበትን ሰዓት ተጠባብቀው የሚወጡ መሆን አለባቸው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጃፓኖቹ ሙከራ ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ 22 መኪና አሰልፈው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እኩል ንዱ አሏቸው። መብራት የለም፣ መታጠፊያ የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ደርቦ የቆመ የለም። ብዙም ሳይቆይ መጨናነቅ ተፈጠረ። አንዱ ትንሽ ፍሬን ይነካል፣ የኋለኛው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ይነካል፣ ሌላው ጭራሽ ይቆማል። ከ22ቱ እያንዳንዱ በሆዱ የፊተኛውን እንደረገመ በበኩሌ አልጠራጠርም። ችግሩ መንገዱ ክብ መሆኑ ነው። የፊተኛውን ፊተኛ፣ የእሱንም ፊተኛ እየቆጠራችሁ ብትሄዱ በመጨረሻ የምታገኙት የራሳችሁን መኪና ነው።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ግፊያ ምን ያተርፋል? 10 ኪሎ ሜትር መንገድ በ60 ቢነዳ 10 ደቂቃ፣ በ80 ቢነዳ ደግሞ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። የተገኘችውን ሁለት ደቂቃ ተኩል አንድ ሁለት ቀይ መብራት ተቀባብለው ይበሏታል።

መካሪ አይጠፋም። «ያስቀየመህ ሰው ምጥ የያዛት ሚስት ይዞ ይሆናል ብለህ አስብ» ይሉኛል። አሰብኩ። እንደ እኔ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት ብቻ ሠላሳ ሰባት ልጆች በተወለዱ ነበር። «እስከ አሥር ቁጠር» ያሉኝም አሉ፤ ሦስት ላይ ስደርስ ሌላው ይገባብኛል። የሚሠራልኝ መራቅ ብቻ ነው። ተጠግቶ የሚነዳውን መንገድ ለቅቄ አሳልፈዋለሁ፣ ከተቆጣ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን አልገጥምም፣ ከመኪና ወርጄ «ምን አልክ?» አልልም። ይህ ጀግንነት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ስንት ሰው በፍሬቻ ተጣልቶ ሐኪም ዘንድ ሄዷል!

አንድ ዓይነት ሹፌር ብቻ መድኃኒት አጥቼለታለሁ፤ ከገባባችሁ በኋላ እጁን አውጥቶ የሚያመሰግን። መሳደብ እንዳትችሉ አድርጎ ነው የሚሄደው። ለእሱ ያዘጋጃችሁት ንዴት ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ለሚቀጥለው ምስኪን ይተርፋል።

ወደ ነጩ መኪና ልመለስ። የሚቀጥለው ቀይ መብራት ላይ ደረስንበት። ያን ሁሉ ተሽሎክሉኮ መጨረሻው ከእኔ ጎን ነበር፣ ስፖኪዮ ለስፖኪዮ። ያኔ ሁለታችንም የያዘን ሥራ ቢታይ! እኔ የነዳጅ ጠቋሚውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየሁት ነገር አጠናለሁ። እሱ የሌለ አቧራ ከመሪው ላይ ይጠርጋል። ሊፍት ውስጥ የተገናኙ ባለ ዕዳና አበዳሪ ነበር የምንመስለው። መብራቱ ቁጥር የሚቆጥር ዓይነት ነው፤ 60 ላይ ነበር።

ድንገት ከኋላዬ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አማቴ መስኮታቸውን እያወረዱ ነው።

«እንደምን ዋልክ ልጄ?»

ሰውየው ደነገጠ። የእሱም መስታወት ወረደ፣ ጥቁር መነጽሩንም አወለቀ። ሲታይ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ጺሙን ሲላጭ አገጩ ላይ የተረሳች ጸጉር ቀርታለች።

«ደኅና ነኝ እናቴ፣ እርስዎስ እንደምን ዋሉ?»

«ደኅና። ቅድም ቦርሳዬ ተበትኖብኝ ነበር፣ ለቀምኩት።»

«ውይ! እኔ ነኝ? በጣም ይቅርታ እናቴ፣ አላየኋችሁም። የተጎዳ ነገር አለ?»

«ምንም የለም። እኛም አልተቀየምንም።» «እኛ» ሲሉ በግንባራቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ፤ እኔም ያው እንደ ጨዋ ሰው ጎንበስ አልኩ።

«እናትህ አሉ ልጄ?»

«አሉ፣ ደኅና ናቸው።»

«ሰላም በልልኝ። ይሄ ልጄ ስለ እሳቸው ብዙ ነግሮኛል።»

ቁጥሩን አየሁት። 41 ይላል።