«ምንም አያደርግሽም» በቂ መልስ አይደለም

«የወሊድ መከላከያ መርፌው መካን ያደርጋል ይባላል፤ እውነት ነው?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ከጤና ባለሙያ ብዙ ጊዜ የምትሰማው «ምንም አያደርግሽም» የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። መርፌው መካን አያደርግም፤ እርግዝናን ግን ያዘገያል። ይህ ሳይነገራት የሄደች ሴት መርፌውን ትታ ስድስት ወር ሳታረግዝ ስትቀር የጎረቤት ወሬ ብታምን አልፈርድባትም።

የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዴፖ የምንለው፣ 150 ሚሊ ግራም ሆርሞን ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል። ሆርሞኑ ቀስ እያለ እየሟሟ ደም ውስጥ ይገባና እንቁላል እንዲለቀቅ ከአንጎል ሥር ካለችው እጢ የሚመጣውን ትእዛዝ ያግዳል። ሦስት ወር የተባለው አስተማምኖ የሚከላከልበት ጊዜ ነው እንጂ ከሰውነት ጠርቶ የሚወጣበት አይደለም። ትተውት ካረገዙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከመጨረሻው መርፌ እስከ 10 ወር ድረስ ያረግዛሉ፤ እስከ 18 ወር ከ100ው 93ቱ። እንግዲህ መስከረም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተወጋች ሴት ሐምሌ ድረስ ብትጠብቅ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ለዓመታት መወጋትም ይህን ጊዜ አያረዝመውም።

ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ ግን ሲወጣ በሳምንታት ውስጥ እንቁላል መለቀቅ ይጀምራል። እንክብልና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም እንደ መርፌው አያዘገዩም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 27ቱ መርፌ፣ 9ኙ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ይጠቀሙ ነበር። ከዓመት በኋላ መውለድ ለምታስብ ሙሽራ ልዩነቱን ሳይነግሩ መርፌ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው እላለሁ።

የወር አበባ መቅረትም ያስፈራል። ዴፖን ዓመት ከተጠቀሙት ግማሽ ያህሉ አያዩም። «ደሙ ውስጥ ተጠራቀመ» ይባላል፤ የተጠራቀመ ደም የለም። የማህፀኑ የውስጥ ሽፋን ስለሚሳሳ የሚፈስ ነገር ያጣል።

ማህፀንን በእርግጥ የሚጎዱት ሳይታከሙ የቆዩ ጨብጥና ክላሚዲያ ናቸው፤ የማህፀን ቱቦን ይዘጋሉ። መርፌም እንክብልም ከእነዚህ አያድንም፤ ኮንዶም ነው የሚከላከለው። ከመጨረሻው መርፌ 18 ወር ካለፈ፣ ሌላውን ዘዴ ከተዉ ዓመት ከሞላ፣ ዕድሜ ከ35 በላይ ከሆነ ደግሞ በስድስት ወር፣ ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ። የባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ ይሠራ፤ ሚስቲቱ ብቻዋን ከክሊኒክ ክሊኒክ ከተንከራተተች በኋላ አይደለም።