ውዳሴ ለመንገድ አስፊዎች

በማደግ ላይ ያለች ከተማ የትራፊክ መጨናነቅን የምትቋቋምበት ዘዴ ብዙ እንደሆነ ባለሙያዎች ይነግሩናል፤ ከዘዴዎቹ ሁሉ ግን እንደ መንገድ ማስፋት ክብር የሚገባው ስለሌለ፣ ይህ ጽሑፍ ሳይታክቱ ለሚያሰፉት ሹማምንት ምስጋና ለማድረስ ተጽፏል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉ ችኩሎች፣ አዲስ ሰፈር ከመመሥረቱ በፊት ነዋሪው በምን ተሳፍሮ ሥራ ቦታው እንደሚደርስ ይታሰብበት እያሉ ይጨቀጭቃሉ። ተመስጋኞቻችን ለእንዲህ ያለው ጥድፊያ አይበገሩም። ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ መሥሪያ ቤትም የሌለው ሰፊ የመኖሪያ መንደር በከተማዋ ዳርቻ ሲገነባ በትዕግሥት ይመለከታሉ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት በአንዲት መንገድ ላይ ተሰልፎ ሲቆም ግን እጅግ ይደነቃሉ፤ ከመደነቃቸውም የተነሳ መንገዱን ያሰፋሉ።

የማስፋፊያው ሥዕል ሲቀርብ ማየት በራሱ ደስታ ነው። በኮምፒውተር በተሠራው አስፋልት ላይ ጥቂት መኪኖች ተራርቀው ይንሸራሸራሉ፤ የመንገዱ አካፋይ አበባ ለብሷል፤ እግረኛው አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም የሚቸኩልበት ጉዳይ ያለው አይመስልም። በሥዕሉ ላይ ዝናብ አይዘንብም፣ ዕቃ ለማራገፍ መስመር ዘግቶ የቆመ የጭነት መኪናም አይታይም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የሥዕሉ ጠርዝ ነው፤ ስምንቱ መስመሮች ጠበው ወደ አሮጌው ባለ ሁለት መስመር ድልድይ የሚገቡበት ቦታ ላይ ሲደረስ ወረቀቱ ያልቃል። ከምረቃው ማግስት ጀምሮ አሽከርካሪዎች ያንን ጠርዝ በየማለዳው ይጎበኙታል። ቀድሞ በየመስቀለኛው ተበታትኖ ይሰማ የነበረው የክላክስ ጩኸት አሁን በአንድ ቦታ ተጠቃሎ መሰማቱም እንደ መልካም የአደረጃጀት ለውጥ ሊመዘገብ ይገባዋል።

ምቀኞች ይህን ጥበብ ለማጣጣል ያልፈነቀሉት ድንጋይ የለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አንቶኒ ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ፈጣን መንገድ በተስፋፋ ቁጥር በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመጣው መኪና የተጨመረውን ቦታ እስኪሞላ ድረስ እንደሚበዛ ጻፈ። በ2011 ደግሞ ጂል ዱራንቶን እና ማቲው ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በአሜሪካ ከተሞች የአውራ ጎዳና መስመር በጨመረ መጠን መኪኖች የሚጓዙት ርቀትም በዚያው ልክ ገደማ እንደሚጨምር አሳዩ። ነገሩ የተወሳሰበ አይደለም። መጨናነቁን ፈርቶ ማልዶ ይወጣ የነበረው አርፍዶ መውጣት ይጀምራል፣ በሌላ መንገድ ይዞር የነበረው ይመለሳል፣ አውቶቡስ ይጠብቅ የነበረው መኪና ይገዛል፣ ቤት ሠሪውም ከበፊቱ ራቅ ብሎ አዲስ ሰፈር ይከፍታል። በሂዩስተን ከተማ ኬቲ የተባለው ፈጣን መንገድ በ2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተስፋፍቶ በ2008 ሲጠናቀቅ፣ የጎን መንገዶቹ አብረው ሲቆጠሩ አንዳንድ ቦታ ላይ ስፋቱ 26 መስመር ደርሶ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉም በመጨናነቅ ሰዓት ጉዞው ተመልሶ ረዘመ። ምቀኞቹ ይህን ውድቀት ይሉታል። በሃያ ስድስት መስመር ሙሉ ሕዝብን በአንድ ጊዜ አቁሞ ማዋል በጠባቡ መንገድ ዘመን ሊታሰብ የማይችል ስኬት መሆኑን ግን ከፍርደ ገምድል በቀር የሚክድ የለም።

ለማስፋት በጀት ባጠረ ጊዜ ታርጋ ይደርሳል። ሜክሲኮ ሲቲ በ1989 በታርጋ የመጨረሻ ቁጥር እየለየች እያንዳንዱ መኪና በሳምንት አንድ ቀን እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል፣ አቅም ያለው ነዋሪ የተለየ ቁጥር ያለው ተጨማሪ መኪና በመግዛት ለመመሪያው ያለውን ታዛዥነት አስመስክሯል። ስቶክሆልም ግን ከሙያው ሥነ ምግባር የወጣ ድርጊት ፈጸመች። በ2006 ወደ መሀል ከተማ የሚገባና የሚወጣ መኪና እንዲከፍል ለሰባት ወራት ያህል ብትሞክር፣ የክፍያ ወሰኑን የሚያቋርጠው መኪና በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ፤ ሐሳቡን አስቀድሞ ይቃወም የነበረው የከተማዋ ነዋሪም በዚያው ዓመት በድምፁ ደገፈው፣ በ2007 ክፍያው ቋሚ ሆነ። ጉዳቱን ልብ ይሏል። ለዚህ ሁሉ ለውጥ ሪባን የሚቆረጥለት አንድ አዲስ ማሳለጫ እንኳ አላስፈለገም፤ ካሜራ ፊት የሚቆሙ ሹማምንትም ከኋላቸው የሚታይ ነገር አጡ።

ስለ አውቶቡስ መናገር ባያስፈልግም እኩልነቱን ሳያደንቁ ማለፍ ነውር ነው። ስድሳ ሰው የጫነው አውቶቡስ አንድ ሰው ከተቀመጠባት መኪና ኋላ ያለ አንዳች አድልዎ ይቆማል። ለአውቶቡሱ የራሱ መስመር ይለይለት የሚል ሐሳብ ሲነሳ መንገዱ ጠባብ ነው ይባላል፤ መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ አዲሱ መስመር የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ያርፋል። እኛ አሽከርካሪዎችም ከምስጋናው ድርሻችንን ልንነፈግ አይገባም፤ እያንዳንዳችን ብቻችንን መሪ ጨብጠን «ይህ ሁሉ መኪና ከየት መጣ?» እያልን ስንማረር፣ የእኛዋን ከቁጥሩ ውስጥ ያስገባ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

ለማስፋፊያው ሲባል ቤታቸው ፈርሶ የተነሱት ሰዎች የት ደረሱ ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ አጥጋቢ ነው። ቀድሞ ሥራቸው በእግር ይሄዱ የነበሩት እነዚህ ነዋሪዎች በከተማዋ ዳርቻ ምትክ ቤት ተሰጥቷቸው፣ ዛሬ ጠዋት ጠዋት የቀድሞ ሳሎናቸው በነበረው አራተኛ መስመር ላይ ቆመው መብራት ይጠብቃሉ። መንገዱ ተጠቃሚ ያጣ ይሆን የሚለው ስጋት በዚህ መልኩ አስቀድሞ ስለተፈታ፣ የቀጣዩ ማስፋፊያ ጥናት በተያዘለት ጊዜ በመገምገም ላይ ይገኛል።