«ፒን ነው፣ በኋላ እንቀይረዋለን»

ኧረ በናታችሁ፣ ይህን ነገር ተዉት! ይህችን አባባል በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። «ኤፍፒጂኤ አይደል እንዴ? ፒኑን እንደፈለግን እናዘዋውረዋለን» ይሉኛል። ኤፍፒጂኤ የውስጡ ሥራ ከተመረተ በኋላም በፕሮግራም የሚቀየር ቺፕ ነው፤ ፒኖቹ ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙት እግሮች ናቸው። ለተራው ፒን እውነት ነው። መብራት የሚያበራ ወይም ቁልፍ የሚያነብ ፒን የባንኩ (የፒኖቹ ቡድን) ቮልቴጅ ከተስማማ ወዲያና ወዲህ ይላል። የፈጣን ሲሪያል መስመር (ቢት በቢት አከታትሎ የሚልክ) ግን እንደዚያ አይደለም። የትራንሲቨሩ (የመላኪያና መቀበያ ሰርኪዩቱ) ቦታ ሲሊከኑ ላይ የተወሰነ ነው። ፒኖቹም የእሱ ብቻ ናቸው። ቦርዱ አንዴ ከተመረተ ማንም አያንቀሳቅሳቸውም።

የደረሰብንን ልንገራችሁ። ሁለት የ10 ጊጋቢት ኤተርኔት መስመሮች ነበሩን። ከሌላ ቦርድ ጋር የሚያገናኙ ሁለት የ7.5 ጊጋቢት መስመሮችም ነበሩ። ሁለትና ሁለት አራት ነው፤ አንድ ኳድ (የትራንሲቨሮች ቡድን) ደግሞ አራት ቻነል አለው። ስኬማቲኩን (የሰርኪዩቱን ንድፍ) የሠራው ባልደረባዬ አራቱንም አንድ ኳድ ውስጥ ከተታቸው። ሰንጠረዡ ላይ ሲታይ ያምራል። ለሌይአውቱም (መስመሮቹን ቦርዱ ላይ ለመዘርጋቱ) ተመቸ፤ መስመሮቹ ሳይጠላለፉ ቀጥ ብለው ወጡ። ሁሉም ደስ አለው። ቦርዱ ታዘዘ።

ቺፑ የዛይሊንክስ 7 ሲሪስ ነው፤ ትራንሲቨሩ ጂቲኤክስ የሚባለው። እዚያ አንድ ኳድ ያለው አንድ የጋራ ፒኤልኤል (የመስመሩን ፍጥነት የሚያመነጭ ሰርኪዩት) ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቻነል የራሱ ፒኤልኤል አለው፤ እሱ ግን ከ6.6 ጊጋቢት በላይ አያወጣም። ኤተርኔቱ ደግሞ ስሙ 10 ይባል እንጂ መስመሩ ላይ የሚሮጠው በ10.3125 ጊጋቢት ነው፤ በየ64 ቢቱ ላይ 2 ቢት ይጨመርበታላ። ስለዚህ የጋራውን ይወስዳል። 7.5ቱስ? የጋራው ለኤተርኔቱ ፍጥነት ተይዟል፣ የራሱ አይደርስለትም። መውጫ የለም። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይቆማል።

ይህን የነገረን ቪቫዶ (የዛይሊንክስ የዲዛይን ሶፍትዌር) ነው። የትኛው መስመር በየትኛው ፒን እንደሚወጣ የሚናገረውን የፒን ፋይል ስንሰጠው ወዲያው አልቀበልም አለ። ቦርዱ ሳይታዘዝ በፊትም ብንጠይቀው ኖሮ ያንኑ ይነግረን ነበር! ማንም አልጠየቀውም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ትራንሲቨሮቹን፣ ክሎኮቹንና የፒን ፋይሉን ብቻ የያዘ ባዶ ዲዛይን ማዘጋጀት የአንድ ቀን ሥራ ነው። እኛ ግን ያን አንድ ቀን ቆጥበን ቦርዱን እንደገና ሠራነው። ያ ሁሉ የሰው ድካም፣ ያ ሁሉ የተበየደ ቺፕ!

ስብሰባ ላይ ምን እንደምንነጋገር ታውቃላችሁ? ስለ ፖላሪቲ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገለባበጠ ተብሎ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ያ እኮ ተቀባዩ ጋ በአንድ ቢት ይስተካከላል! ሌይአውት የሚሠራው ሰው ቪያ (ከአንድ የቦርድ ንብርብር ወደ ሌላው የሚያሻግር ቀዳዳ) የሚቀንስለት ከሆነ ይገልብጠው፣ ምንም አይደለም። ማስታወሻ ይያዝለት እንጂ።

ሊያስደነግጠን የሚገባው የማጣቀሻ ክሎኩ (ፒኤልኤሉ ፍጥነቱን የሚያመነጭበት መነሻ ምት) ነበር። 156.25 ሜጋኸርዙ በየትኛው ኳድ ነው የሚገባው? በዚህ ቺፕ አንድ ኳድ ክሎክ መበደር የሚችለው ከላዩና ከታቹ ካለው ጎረቤት ብቻ ነው። ከዚያ አያልፍም። ክሎኩን የሚያመነጨውን ኦሲሌተር ግን ቦታ የተገኘበት ጥግ አስቀምጠን እናልፋለን። ፓኬጁም (የቺፑ ማቀፊያ) አለ። ሲሊከኑ ላይ ያለ ኳድ ሁሉ እስከ ፒን አይደርስም፤ አነስ ባለው ፓኬጅ ጭራሽ ወደ ውጭ ያልወጡ አሉ። ትልቁን አይተው ያቀዱና ወጪ ለመቀነስ ትንሹን ያዘዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ዛሬ ጠዋት የአዲሱ ቦርድ ሰንጠረዥ ደረሰኝ። አሥራ ሁለት ፈጣን መስመሮች በቀለም በቀለም ተለይተዋል። የክሎኩ ዓምድ ባዶ ነው። «ክሎኩ የት ነው የሚገባው? በቪቫዶስ ተሞክሯል?» ብዬ ጻፍኩ። «እሱ በኋላ ይታያል፣ ሌይአውት ሰኞ ይጀመራል» የሚል መልስ መጣ።

ባዶው ዲዛይን እስኪያልፍ ድረስ አልፈርምም። ዛሬ ማታ ራሴ ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ።